ከ«ስንተኛ ወጣህ?» በፊት ልጁን እንየው

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ይማራል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ የተሰጠ ዕለት አራት ኪሎ ተገናኝተን አብረን ታክሲ ያዝን። ካርዱን አራት ቦታ አጥፎ መዳፉ ውስጥ ይዞታል። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ዩኒፎርሙን አይተው ዘወር አሉና በፈገግታ «ጎበዝ፣ ስንተኛ ወጣህ?» አሉት።

«ገና አልተሰጠንም» አላቸው። እጁ ጭብጥ አለ። ወረቀቱ ሲጨማደድ ሰማሁት።

ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ልጅ ስናይ ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። እኔም ለዚያው ልጅ በየዓመቱ ስለው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን አጠገቡ ተቀምጬ ጥያቄው ምን እንደሚያደርገው አየሁ። ከ48 ተማሪ 31ኛ ነው የወጣው። ከታክሲ ወርደን ትንሽ ከሄድን በኋላ ነው የነገረኝ፣ ያውም መሬት መሬቱን እያየ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጆቻችን በዚህ ዕድሜ «እኔ ማን ነኝ?» ብለው ሲፈልጉ እኛ የምንሰጣቸው መልስ ቁጥር ብቻ ሆኗል። በሰው መለኪያ ብቻ የተለካ ልጅ ራሱን አያውቅም። ራሱን ያላወቀ ደግሞ በምኑ ይተማመናል?

«ጉርምስና ነው፣ ያልፍለታል» እንላለን። ያልፋል፤ ግን እንዲሁ አያልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ ለይቶ የሚያየው በምክንያት ነው። ድምፅ ይጎረንናል፣ ፊት ብጉር ያወጣል፣ አምና የተገዛው ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። አእምሮም ሁለመናው እኩል አያድግም። ስሜትን የሚያቀጣጥለው ክፍል ቀድሞ ይነቃል። የሚያመዛዝነው፣ «ቆይ እስቲ» የሚለው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይቆያል። ለዚህ ነው እኛ ተናግረን የረሳነው ቃል ልጁ ሆድ ውስጥ ሳምንት የሚከርመው።

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ይህን ዕድሜ ሰው ማንነቱን የሚፈልግበት፣ ካላገኘው ግራ የሚጋባበት ዘመን ብሎታል። ልጁ አንድ ሰሞን ፀጉሩን ያሳድጋል፣ አንድ ሰሞን ሙልጭ አድርጎ ይላጨዋል። ዛሬ ዘፋኝ እሆናለሁ ይላል፣ ከሁለት ወር በኋላ ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም። እኛ «አቋም የለውም» እንለዋለን። ልጁ እኮ ልብስ እየለካ ነው። ሳይለካ ልኩን እንዴት ያውቃል?

መሀል አዲስ አበባ ለተወለደ ልጅ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። እህቴ የምትኖረው ካዛንቺስ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ከዚያ በፊት በ2016 የፒያሳ ልጆች፣ የዶሮ ማነቂያና የእሪ በከንቱ ልጆች ይህንኑ አይተዋል። የድሮውን ቤት ላሳምረው አልፈልግም። ጠባብ ነበር፣ ጣራው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር። ልጁ ግን ካዛንቺስ ውስጥ ስም ነበረው። አብዶኛ ነበር። የታላላቆቹ ቡድን ሰው ሲጎድልበት «እሱን ጥሩት» ይባላል። የሰፈሩ እናቶች ሲሊንደር የሚያሸክሙት፣ ሱቅ የሚልኩት፣ ስልካቸው እምቢ ሲላቸው የሚጠሩት እሱን ነበር። ስንተኛ እንደሚወጣ ጠይቀው አይደለም። ሰፈር እንዲህ ነው። አንዱን ልጅ በአሥር ስም ይጠራዋል። በአንዱ ቢያፍር በሌላው ቀና ይላል።

አዲሱ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም። ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ሰላም የሚለው አንድ ዘበኛ ነው። ከነዚያ ሁሉ ስሞች ተርፎ አብሮት የሄደው ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ሆነ። ስለ ካሳውና ስለ ቤቱ ስፋት ብዙ አውርተናል። ልጆቹ ጥለውት ስለሄዱት ስም ግን እኔ በበኩሌ ሲወራ አልሰማሁም።

ቁጥሩ ደግሞ ከፍ ባሉ ቁጥር ይከብዳል። በ2014 የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ስለ ኩረጃና ስለ ትምህርት ጥራት ተከራክረናል፤ መከራከርም ነበረብን። እኔ የማስበው ስለ ቀሩት ነው። ከ100 ልጆች ከ90 የሚበልጡት ስልካቸውን ከፍተው ውጤታቸው ከግማሽ በታች መሆኑን አዩ። 12 ዓመት ሙሉ «አንተ ማለት ውጤትህ ነህ» ሲባል የኖረ ልጅ ያን ቀን ምን ይዞ ይቆማል?

ወደ ቤታችን እንግባ። «እሱ የሚበላውን አይደል አንተም የምትበላው?» ያልተባለ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ይተጋ ይሆናል ብለን ነው የምንለው። ልጁ ግን የጎረቤቱን ልጅ መጥላት ይጀምራል እንጂ አልጀብራ አይገባውም። ያሰበውን ሲናገር ደግሞ «አፍ አወጣህ!» ይባላል። እስቲ ቆም ብለን እናስበው። «ይህ አስከፋኝ»፣ «በዚህ አልስማማም» ማለት የሚለማመድበት ዕድሜ እኮ ነው። አፍ ማውጣት ያለበት አሁን ነው! አንገቱን ደፍቶ ዝም ያለውን «ጨዋ ልጅ» እያልን ስናመሰግን፣ ውስጡ ያለውን ነገር ስም መስጠት ሳይማር ያድጋል። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ይሉታል። ምን ይበል? ስለ ራሱ ማን ጠይቆት ያውቃል?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባልን አድገናል። ይህን ተረት አልወደውም። ዛሬ ካላቦካ ማቡካት ከየት ይማራል?

ሴቶቹ ላይ ሌላ ይጨመርባቸዋል። በዓል ነው እንበል። ዘመድ ተሰብስቧል። የ13 ዓመት ልጅ ቡና ይዛ ስትገባ አንዷ ዘመድ «ውይ! ምነው እንዲህ ወፈርሽ?» ትላታለች። ለተናጋሪዋ ሰላምታ ነው። ልጅቷ ግን ሰውነቷ በየወሩ እየተለወጠባት መስታወት ፊት የምትቆምበት ጊዜ ነው። ዶሮ ወጡ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» አለች። ማንም «ለምን?» አላላትም። ይህን በገዛ ቤተሰቤ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ፒያሳ ማታ ማታ በኮሪደሩ መብራት ደምቆ ታዳጊዎች ስልካቸውን ደቅነው ቲክቶክ ይሠራሉ። አንድ ምሽት ጊዮርጊስ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ ሦስት ልጃገረዶች አጠገቤ ነበሩ። አንዷ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ትቀረጻለች፣ ታየዋለች፣ ታጠፋዋለች። እንደገና ትጀምራለች። እንደገና ታጠፋለች። በመጨረሻ «ጥርሴ ታየ» አለች፣ ልታለቅስ እየደረሰች። ስትስቅ ነው ጥርሷ የታየው። ጓደኛዋ «ፊልተር አድርጊበት» አለቻት።

ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ታዳጊዎች ሁልጊዜ ሰው እያያቸው እንደሚመስላቸው ጽፏል። ምናባዊ ተመልካች ይለዋል። ያኔ ተመልካቹ በሐሳብ ውስጥ ብቻ ነበር። ልጁ ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ ትንሽ ፋታ ያገኛል። አሁን ተመልካቹ እውነተኛ ሆኗል። ስንት ሰው እንዳየ፣ ስንት ሰው እንደወደደ ስክሪኑ ላይ ይነበባል፤ አልጋ ድረስም አብሮ ይገባል። ይህም ሌላ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው፤ በየደቂቃው የሚጠየቅ። ስልክ ይከልከል አልልም፣ አይቻልምም። ግን ስልኩ ብቻ እንዳይነግራቸው እኛም የምንነግራቸው ነገር ይኑረን።

ታዲያ በራስ መተማመን ከየት ይመጣል? ከሙገሳ አይመስለኝም። እኔ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም ነበር። አማርኛ የሚያስተምሩን መምህር አንድ ቀን ድርሰቴን አንብበው «ነገ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ላይ ታነበዋለህ» አሉኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሚኒ ሚዲያው ከዕቃ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ማይኩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱ ማይኩን ይነካዋል፣ ኮሽኮሽታው ከግንዱ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ግቢውን ሁሉ ይሞላዋል። እንደምንም አነበብኩ። ስወጣ መምህሩ በር ላይ ቆመዋል። «ጎበዝ» አላሉኝም።

«ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል። መጨረሻው ላይ ግን ትቸኩላለህ። ሐሙስ ሌላ ጽፈህ ና» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ አንዷን ቃል አልረሳሁም። አንድ ትልቅ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምተውኛል። የያዝኩትንም የጎደለኝንም ነገሩኝ። ከማንም ጋር አላወዳደሩኝም። ደግሞ «ና» አሉኝ። ስለ ራሴ አንድ እውነተኛ ነገር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ድምፅ እንዳለኝና እንደምቸኩል። እስከ ዛሬ ሰው ፊት ስናገር መጨረሻው ላይ ዘግየት እላለሁ።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ ከሠሩ በኋላ አንዳንዶቹ «ብልህ ነህ» ተብለው፣ ሌሎቹ በልፋታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ መጣና ተሳሳቱ። «ብልህ» የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ስም ተሰጥቷቸው ስሙ እንዳይወሰድባቸው ፈሩ። በልፋታቸው የተመሰገኑት ግን መሞከራቸውን ቀጠሉ። እንግዲህ «ጎበዝ፣ አንበሳ» ማለታችን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ይህን ሳወራ አንዳንድ ሰው «ልታሞላቅቋቸው ነው እንዴ? ነገ የሚያከብሩን መሰለህ?» ይለኛል። ስጋቱ ይገባኛል። ትዕቢትና ራስን ማክበር ግን አንድ አይደሉም። ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ታዳጊዎች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት ለመለካት 10 ዐረፍተ ነገሮች አዘጋጅቶ ነበር። ዛሬም ይሠራባቸዋል። ከነሱ አንዱ ሰው ቢያንስ ከሌሎች እኩል ዋጋ እንዳለው ይሰማው እንደሆነ ይጠይቃል። እኩል ነው የሚለው። ከሌሎች በላይ አይልም። ራሱን እኩል ያየ ልጅ ሌላውን ለማዋረድ ምክንያት የለውም። ሰው ላይ የሚጮኸውን፣ ታናሹን የሚመታውን ልጅ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ራሱን የናቀ ነው።

ለትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ብል ደስ ይለኛል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ይሸለሙ፣ ለፍተዋል። ግን በወላጆች ቀን መድረኩ ላይ ሚኒ ሚዲያው፣ ሥዕሉ፣ ድራማው፣ ችግኙን ውኃ ሲያጠጣ የከረመው ልጅ ስምም ይጠራ። ውጤቱ ዝቅ ያለውን ልጅ መጀመሪያ የምናስወጣው ከክበብ መሆኑ ደግሞ ሊቆም ይገባል። ልጁ ጎበዝ የሆነበትን አንድ ቦታ ዘግተንበት ደካማ በሆነበት በርታ እንለዋለን።

እህቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው። 31ኛ መውጣቱን እንደሰማች ታኬታውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። አልፈርድባትም፤ ብቻዋን ነው የምታሳድገው፣ ትፈራለታለች። ቡና ላይ ቁጭ ብለን ብዙ ተከራከርን። «የካዛንቺስ ስሙ እኮ እሱ ብቻ ነው የቀረው» አልኳት። ዝም አለች። በሳምንቱ ቁልፉን ሰጠችው።

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ሜዳዎች አንዱ ላይ ሲጫወት ላየው ሄድኩ። በእረፍት ሰዓት ውኃ እየጠጣ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ካርዱ አላነሳሁም። «እንዴት ነው፣ ምን ከበደህ?» አልኩት።

«ግራ እግሬ» አለኝ ወዲያው። «ግራዬ ሰነፍ ነው። ሁሌ በቀኝ ነው የምገባው፤ ተከላካዮቹ አውቀውብኛል።» ትንሽ ቆየና ኮዳውን እየከደነ «ሒሳብም ላይ እንደዚሁ ነኝ ጋሼ። የከበደኝን እዘልላለሁ» አለ።

ማንም እንዲህ በል አላለውም። ምንም ልመልስለት አልቻልኩም። ትከሻውን ያዝ አደረግኩት። ፊሽካ ሲነፋ ተነሳ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞር አለና «እስክንጨርስ ቆይ፣ እሺ? ግን አትጩህ» አለኝ።

ዳር ቆሜ እስኪጨርሱ አየሁት።