ላማችሁ አትንጠፍባችሁ!

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ «ታይፎይድ ነው» የተባለ ሰው በተኛበት ቤት ሁሉ ከጠያቂው ቀድሞ ፔርሙዝ ሙሉ ወተት ይደርሳል። እሰይ፣ ጠያቂ ማለት እንዲህ ነው! «መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው፣ እንዳይጎዳህ» ይባልና ባለ 500 ሚሊ ግራሟ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለችው ፀረ ባክቴሪያ ክኒን) በትልቅ ብርጭቆ ወተት ትወራረዳለች። ወተት መርዝ ያረክስ የለ? መድኃኒትማ ምን ያቅተዋል!

እውነትም አላቃተውም። የወተቱ ካልሲየም ሲፕሮዋን አንቆ ይይዛታል፤ ተጣብቀው የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ ያቅታቸዋል። ደም ውስጥ መግባት ከነበረበት መድኃኒት ሲሶ ያህሉ ሰተት ብሎ ወደ ሽንት ቤት ይሄዳል። ባክቴሪያው አፍ ቢኖረው «ላማችሁ አትንጠፍባችሁ» ብሎ በመረቀ ነበር።

የኛ ሰው ደግሞ በአንድ ብርጭቆ መች ይረካል! ጎረቤት እርጎ ይዛ ትመጣለች፤ እርጎም ያው ካልሲየም ነው። አጎት፣ ለጨጓራው ተጨንቀው፣ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ያለበትን የጨጓራ ሽሮፕ ወዲያው ያስከትላሉ። ይህኛው ከወተትም ይብሳል፤ ሲፕሮ ከሱ 2 ሰዓት ቀድማ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታ ነው የምትዋጠው። አክስት «ደም እንዲተካ» የብረት ክኒን ይጨምሩበታል፤ ብረትም እንደ ካልሲየሙ አናቂ ነው። ከዚያ ቡና ይፈላል፤ ጅማ ነን እንግዲህ! ሲፕሮ ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን ሥራ ያዘገያል፤ ስለዚህ አቦሉ ሳይወጣ ቶና፣ ቶናው ሳይወጣ በረካ ይደረባል። በሽተኛው ልቡ ድው ድው እያለ ሲገላበጥ ያድራል። ጠያቂዎቹም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ «ታይፎይድ እኮ እንቅልፍ ይነሳል» እያሉ ነው።

የሚገርመው፣ ሲፕሮ ከእንጀራ ጋር ጠብ የላትም፤ ጠቧ ብቻውን ከሚጠጣ ወተት ጋር ነው።

ለሁሉም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት «ከምግብ ጋር ውሰድ» የሚለው የመድኃኒት ቤት መስኮት ሊቅም ይመስገን። አሞክሳሲሊንስ ምግብ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ክሎክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ግን ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ናቸው። ኒትሮፉራንቶይን በተቃራኒው ከምግብ ጋር ሲሆን የበለጠ ይመጠጣል። ዶክሲሳይክሊን በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ተውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ መቆየት ይፈልጋል፤ ያለዚያ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ያቆስላል። ይህን ሁሉ ምን አስጻፈ? የክኒኑ ፖስታ ላይ «1×2»፣ አንድ አንድ በቀን ሁለቴ፣ ተጽፎ የለ!

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ አልበርድ ሲል «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባልና ሌላ፣ ውድ መድኃኒት ይገዛል። በማን ገንዘብ? ቡና ለቅሞ በሚያድር ሰው ገንዘብ! ደም ውስጥ የገባው ሲያንስ ባክቴሪያው አይሞትም፤ መድኃኒቱን ይለምዳል። «በውሃ ዋጠው፣ ወተቱ ከ2 ሰዓት በኋላ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይህን ሳይናገር ሒሳብ የሚቀበል ሰው ነጭ ጋዋኑን ያውልቅ።

ፔርሙዙ ግን ታጥቦ እንደገና ተሞልቷል። ኮቺ ሰፈር ሌላ በሽተኛ አለ አሉ።