ሽጉጥ ገጣጥሞ መያዝ ወይስ ሙሉውን መግዛት፤ ክርክሩ የሚያርፍባት ቁራጭ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ስለ ሽጉጥ የሚነሳው ጨዋታ ቀድሞ «የትኛው ይሻላል?» በሚለው ጥያቄ ያበቃ ነበር። አሁን አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ሙሉውን ከመደብር ልግዛ ወይስ ክፍሎቹን ለየብቻ ሰብስቤ ራሴ ልገጣጥመው? ጠያቂዎቹ አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። አንዱ ሌሊቱን ነዳጅ ማደያ ውስጥ የሚያድርና እዘረፋለሁ ብሎ የሚሰጋ አባወራ ነው፤ ሌላው ብሎን መፍታትና መግጠም የሚያስደስተው፣ ቅዳሜና እሁድ ተኩስ መለማመጃ የሚውል ወጣት ነው። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፦ ሙሉውን ይግዛ። ሁለተኛውን አትገጣጥም አልለውም፤ ነገር ግን አንድም ክፍል ከማዘዙ በፊት የአሜሪካ ሕግ «የጦር መሣሪያ» ብሎ የሚጠራው የትኛዋን ቁራጭ እንደሆነ ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ክርክሩ በሙሉ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነውና።

በፌዴራል ሕግ በርሜሉ፣ ስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል)፣ ሞላው፣ ካዝናውና ጥይቱን የሚመታው መርፌ ለየብቻቸው ሲታዩ ተራ ዕቃዎች ናቸው፤ በፖስታ ታዝዘው ደጃፍ ድረስ ይመጣሉ። መሣሪያ የሚባለው የተኩስ ሥርዓቱን የሚሸከመው አካል፣ ማለትም ፍሬሙ ነው። መለያ ቁጥር የሚቀረጸው እርሱ ላይ ሲሆን፣ የሚሸጠውም ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል፣ 4473 የተባለው ቅጽ ተሞልቶና የገዢው የኋላ ታሪክ በኤፍቢአይ በኩል ተጣርቶ ነው። በግሎክ ሽጉጥ ይህ አካል ከእጀታው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራው የፕላስቲክ ፍሬም ሲሆን፣ ቁጥሩ በውስጡ በተቀበረች ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ይነበባል። የአሜሪካ ጦር በ2017 በመረጠው የሲግ ሳወር ፒ320 ግን ነገሩ ለየት ይላል፤ ምላጩን ከነማያያዣዎቹ የያዘችው፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባው የብረት ስብስብ ብቻዋን መሣሪያ ተብላ ትቆጠራለች፤ እጀታውን፣ በርሜሉንና ስላይዱን ባለቤቱ እንዳሻው ይለዋውጣል። ይህችን ስብስብ ሕጉን ተከትሎ ገዝቶ የቀረውን የሚያሟላ ሰው ሙሉ ሽጉጥ ከገዛው ሰው ጋር በአንድ በር ያለፈ ነው፤ በሕጉም ዓይን እኩል ናቸው።

ይህ በር የተሠራበት ታሪክ አለ። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ በሐሰተኛ ስም ከቺካጎ መደብር በፖስታ የታዘዘ ነበር። ጠመንጃው ካርካኖ ነው፤ የጣሊያን ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ወታደሮቹ የታጠቁት፣ አባቶቻችንም ማርከው መልሰው የተዋጉበት ዓይነት። ከዚያ ግድያ በኋላ ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በተገደሉበት በ1968 የወጣው የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ግለሰቦች በፖስታ መሣሪያ እንዳይገዙ ከለከለ፤ አምራቾችም እያንዳንዱን መሣሪያ ቁጥር እንዲሰጡት አስገደደ። በ1993 የጸደቀው የብሬዲ ሕግ ደግሞ በነጋዴ በኩል ለሚሸጥ መሣሪያ የገዢን ታሪክ ማጣራትን ጨመረበት፤ ዛሬ የምናውቀው ፈጣኑ የማጣሪያ ሥርዓት ሥራ የጀመረው በ1998 መጨረሻ ነው።

ችግሩ የመጣው ነጋዴዎች ፍሬሙን አልቆ እንዳያልቅ አድርገው መሸጥ በጀመሩ ጊዜ ነው። በቤት ውስጥ በጥቂት ሥራ የሚጠናቀቅ ፍሬም «ገና መሣሪያ አይደለም» እየተባለ ከቀሪዎቹ ክፍሎች ጋር በአንድ ሳጥን ታሽጎ ያለ ቁጥር፣ ያለ ቅጽ፣ ያለ ማጣሪያ ይላክ ጀመር። 1968 የዘጋው የፖስታ መስመር በጓሮ በር ተመልሶ ተከፈተ ማለት ነው። ውጤቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በውሳኔው ላይ አስፍሮታል፤ ፖሊሶች ባለቤቱ እንዲፈለግላቸው ለፌዴራል መንግሥት ያቀረቡት ቁጥር አልባ መሣሪያ በ2017 1,600 ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በ2021 ከ19,000 በላይ ሆነ። በኅዳር 2019 በካሊፎርኒያ ሶገስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሁለት ተማሪዎችን ገድሎ ራሱን ያጠፋው እንዲህ ባለ ከሳጥን በተገጣጠመ ሽጉጥ ነበር። በጥር 2022 ደግሞ ነገሩ ወደ ሰፈራችን መጣ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በማግሩደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ክፍል ውስጥ የ17 ዓመት ተማሪ የ15 ዓመት ጓደኛውን ክፉኛ አቆሰለው፤ መሣሪያው ክፍሎቹ በኢንተርኔት ታዝዘው የተገጣጠመ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነበር። ይህ ልጅ ወደ የትኛውም መደብር ገብቶ ሽጉጥ ልግዛ ቢል ኖሮ ዕድሜው ብቻ ከበሩ ይመልሰው ነበር፤ በፌዴራል ሕግ ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋልና።

የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ፣ በአጭሩ ኤቲኤፍ፣ በ2022 ያወጣው ደንብ በቀላሉ ወደ መሣሪያ የሚለወጡ ሳጥኖችን እንደ መሣሪያ እንዲቆጠሩ አደረገ። አምራቾችና ባለመሣሪያዎች ከሰሱ፤ ጉዳዩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 26 ቀን 2025 ደንቡ በ7 ለ2 ድምፅ ጸና። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ወግ አጥባቂው ዳኛ ኒል ጎርሰች መሆናቸው፣ ነገሩ የሊበራሎች ሤራ ነው ለሚሉ ሁሉ በቂ መልስ ይመስለኛል። ውሳኔው ፖሊመር80 የተባለው የኔቫዳ ኩባንያ ይሸጠው የነበረውን ሳጥን በምሳሌነት አንስቶ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው በ21 ደቂቃ ሽጉጥ እንዳወጣበት ይጠቅሳል። በ21 ደቂቃ የሚተኩስን ነገር «ገና መሣሪያ አይደለም» ብሎ መከራከር ለእኔ በቃል መጫወት ነው።

ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ነጥብ ግን ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። አሜሪካ ከመመሥረቷ በፊት ጀምሮ ሰዎች በጓሯቸው ጠመንጃ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በፌዴራል ሕግ መሣሪያ እንዳይዝ ያልተከለከለ ሰው ለግል መጠቀሚያው፣ ለንግድ ሳይሆን፣ ያለ ፈቃድ መሥራት ይችላል። ይህን ነጻነት የሚወድ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሆኖም ያ የጥንቱ ሠራተኛ ብረት አቅልጦ፣ እንጨት ጠርቦ፣ ወራት ፈጅቶ የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ ታዳጊ ልጅ በክሬዲት ካርድ ያዘዘውን ሳጥን ከዚያ ሙያ ጋር በአንድ ስም መጥራት ሙያውን መስደብ ነው። ስለዚህ ቁጥር አልባውን ነገር «ከመገጣጠም ዓይነቶች አንዱ» አድርገው ለሚያቀርቡልን አንስማማ። ቁጥር ባለው ፍሬም ላይ የሚገጣጥመው ሰው የሚመሳሰለው ሙሉ ሽጉጥ ከገዛው ጋር ነው እንጂ ሳጥኑን ካዘዘው ታዳጊ ጋር አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ጠያቂ ልመለስ። «ሲገጣጠም ይረክሳል» የሚባለው እምብዛም እውነት ሆኖ አላየሁትም። አዲስ ግሎክ 19 በአብዛኛው የአሜሪካ መደብሮች ከ500 እስከ 600 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ፍሬሙን፣ ስላይዱን፣ በርሜሉን፣ ማነጣጠሪያውንና የውስጥ ዕቃዎቹን ለየብቻ የሚገዛ ሰው እያንዳንዱ ሻጭ የሚያተርፍበት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከዚያ አይወርድም፤ የመገጣጠሚያ መፍቻዎችና መላኪያ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣል። መልሶ ልሽጠው ቢል፣ ማን እንደገጣጠመው የማይታወቅ ሽጉጥ የፋብሪካውን ያህል ዋጋ አያወጣም። የሚገጣጥሙ ሰዎች ራሳቸው እውነቱን ሲናገሩ የሚሹት ቁጠባን ሳይሆን ምርጫን ነው፤ እጅ የሚሞላ እጀታ፣ የተለየ ማነጣጠሪያ፣ የለሰለሰ ምላጭ። ይህ ደህና ምክንያት ነው፤ የሌሊት ሠራተኛው ምክንያት ግን አይደለም።

ለእርሱ ዋናው ነገር ምላጩ ሲሳብ መተኮሱ፣ ሳይሳብ አለመተኮሱ ነው። ሽጉጥ በትንሽ ልዩነት የሚሠራ ዕቃ ነው። በርሜሉና ስላይዱ የሚቆላለፉበት ቦታ፣ የሞላው ጥንካሬ፣ ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር፣ ሁሉም እርስ በርሳቸው መስማማት አለባቸው። ከተለያዩ አምራቾች የመጡ ክፍሎች «ይገጥማሉ» መባላቸው በእጅ ሲሞከሩ መግባታቸውን እንጂ በመቶዎች የሚቆጠር ጥይት ተተኩሶባቸው መጽናታቸውን አይነግረንም። ሞላው ከበረታ ቀለሁ ሳይወጣ ይጣበቃል፤ ስላይዱ በሚገባ ሳይዘጋ ከተተኮሰ ደግሞ የባሩዱ ግፊት ወደ ተኳሹ እጅ ሊመለስ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው ይህን በመለማመጃ ቦታ ደጋግሞ ተኩሶ ያጣራዋል። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ልጆች የሚያደርስና የሚመልስ ሰው ግን ያን ጊዜ ከየት ያመጣል? ምላጭን ማለስለስም የራሱ ጣጣ አለው፤ የግሎክ የፋብሪካ ምላጭ ለመሳብ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ጉልበት የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተኩሶ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ምላጩን ለምን እንዳቀለለ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ቀላል አይሆንም።

ፋብሪካ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት ፒ320 ምላጩ ሳይሳብ ተኩሷል በሚል ብዙ ክስ ቀርቦበታል፤ አምራቹ ጥፋት የለብኝም ቢልም፣ በኅዳር 2024 በፊላደልፊያ የተሰየሙ ዳኞች ለአንድ ተጎጂ 11 ሚሊዮን ዶላር ፈርደውለታል። ይሁንና ያ ተጎጂ የሚከሰው አካል ነበረው። ራሱ በገጣጠመው ሽጉጥ የቆሰለ ሰው ማንን ይከሳል? የበርሜሉ ሻጭ ወደ ስላይዱ፣ የስላይዱ ሻጭ ወደ ሞላው፣ ሁሉም በመጨረሻ ወደ ገጣጣሚው ይጠቁማሉ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ጉዳይ አለ። ግሎክ ቁጥሩን በፍሬሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በስላይዱና በበርሜሉም ላይ ይቀርጸዋል። ያገለገለ ስላይድ ከማያውቁት ሰው በርካሽ የገዛ ሰው ሽጉጡን ሲገጥም፣ ላዩ አንድ ቁጥር፣ ታቹ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ያ ስላይድ ከተሰረቀ ሽጉጥ ላይ የተነቀለ ከሆነ፣ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ ቀድሞ የሚያነበው የላዩን ቁጥር ሊሆን ይችላል። ማስረዳት ይቻላል፤ ግን ማስረዳቱ በየትኛው ክፍል ውስጥ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚሆን አስቡት።

ዜግነት ገና ላላገኘ ወገን ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሕጋዊ ወረቀት የሌለውም በጭራሽ፣ መግዛት ብቻ ሳይሆን መያዝም አይችልም። ሽጉጡን ራሱ መሥራቱ ይህን ክልከላ አያነሳለትም። ከዚያም በላይ የኢሚግሬሽን ሕጉ መሣሪያን ሕግ ተላልፎ በመግዛት፣ በመሸጥ ወይም በመያዝ የተፈረደበትን የውጭ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለውንም ጨምሮ፣ ከአገር ሊባረር ይችላል ይላል። ለዜጋ በገንዘብ መቀጮ የሚያልቅ ጥፋት ለእኛ ሰው ሃያ ዓመት የኖረበትን ቤት ሊያሳጣው ይችላል ማለት ነው። «ለወንድሜ ልግዛለት» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ቅጹ እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ገንዘቡን ከሰጠው ሰው ይልቅ ራስን ገዢ አድርጎ መፈረም የፌዴራል ወንጀል ሲሆን፣ በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ መሣሪያ እንዳይዝ ለተከለከለ ሰው መግዛትን እስከ 15 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል።

የግዛቶቹም ሕግ አንድ አይደለም። በሜሪላንድ ቁጥር የሌለው ፍሬም መሸጥ ከሰኔ 2022፣ መያዝ ደግሞ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ዋሽንግተን ዲሲ በ2020 ቀድማ ከልክላለች። ፖሊመር80ንም ከስሳ በ2022 ከአራት ሚሊዮን ዶላር በላይ አስፈርዳበታለች። ስለዚህ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲያ ማዶ ቨርጂኒያ የሚኖር ጓደኛ «እኔ ጋ ችግር የለውም» ቢል፣ ወዲህ ላለው ሰው ምክር አይሆነውም።

በሜሪላንድ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የጣት አሻራ ሰጥቶ፣ የአራት ሰዓት ሥልጠና ወስዶ፣ በሥልጠናውም ተኩሶ የብቃት ፈቃድ ማውጣት፣ ከዚያም ሰባት ቀን መጠበቅ አለበት። ወገኖቻችን ይህን ውጣ ውረድ ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ መገጣጠምን እንደ አቋራጭ የሚያዩትም ብዙ ጊዜ በዚህ የተሰላቹት ናቸው። ነገር ግን ቁጥር ያለው ፍሬም የሚገዛም በዚያው በር ስለሚያልፍ አቋራጭ የለም፤ የሥልጠናው ሰዓት እንደ እኔ እንደ እኔ ከዚህም ረዘም ቢል፣ በተለይ መሣሪያን በቤት ውስጥ ከልጆች አርቆ ስለመቆለፍ ለሚሰጠው ክፍል ሰፋ ያለ ጊዜ ቢያዝለት ደግ ነበር።