ተራራ ላይ «ልመለስ» ያለን ሰው አትግፉት

ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ወደ ወንጪ፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ መናገሻ ሱባ የሚወጣው የሃይኪንግ ግሩፕ እየበዛ ነው፣ እኔ በጣም ደስ ይለኛል፣ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮና ታክሲ ሰልፍ ላይ ታፍኖ የከረመ ሰው አንድ ቀን ጥድ ስር ቢተነፍስ ሲያንሰው ነው።

የሚያናድደኝ ፈራሁ ያለውን ሰው የምንይዝበት ነገር ነው። አንዷ ገደል አፋፍ ላይ እግሯ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ዞሮ «ነይ እንጂ ምንም አትሆኚም!» ይላታል፣ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጻትም አይጠፋም፣ እሷም አፍራ ትገባበታለች። ምንም እንደማትሆን ማን ነገረን?

ደሞ የምንፈራውንም አናውቅም እኮ። እንጦጦ ሲባል ጅብ፣ ሰሜን ተራሮች ሲባል ጭላዳ ዝንጀሮ። ጭላዳ ሳር ነው የሚግጠው፣ አጠገቡ ብትቀመጡ ዞሮም አያያችሁ። ሰሜን ላይ ሰው የሚጎዳው ከፍታው፣ ብርዱና ገደሉ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከፍታ ለምደናል እንላለን፣ እዛው ሰሜን ተራሮች ያለው ቧሂት ግን 4,430 ሜትር ነው፣ ራስ ዳሽን ከ4,500 በላይ። እዛ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው መውጣቱን ማቆም አለበት፣ ካልተሻለው ወይ ከባሰበት ደግሞ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ማስታገሻ ውጦ ዝም ብሎ ከቀጠለ ሳንባው ወይ አንጎሉ ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ ይሄ ደግሞ ይገድላል።

«ታዲያ ምን አስኬዳችሁ፣ ቤታችሁ ቁጭ በሉ» ለሚሉት ግን አልስማማም። ትግራይ፣ ገርዓልታ ያለውን አቡነ የማታ ጉሕን ተመልከቱ፣ በባዶ እግር ቀጥ ያለ አለት ተቧጦ የሚወጣበት ቤተክርስቲያን ነው፣ እናቶች ጨቅላ አዝለው ለክርስትና ይወጡታል። እንግዳ ሲመጣ የአካባቢው ሰዎች ከስር ከላይ ሆነው «ቀኝ እግርህን እዚች ጉድጓድ፣ እጅህን እዚህ» እያሉ አንድ በአንድ ነው የሚያወጡት። ፍርሃቱ አለ፣ ግን ሰው የት እንደሚረግጥ ያውቃል፣ ደስታውም ከዛ ነው የሚመጣው። ጩኸትና ካሜራ ይሄን አይተካም።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ ቴሌግራም ላይ ዋጋውንና ምሳውን ስትለጥፉ፣ ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም በስንት ሰዓት እንደምትዞሩና ልመለስ የሚል ሰው ከየትኛው አስተባባሪ ጋር እንደሚወርድ አብራችሁ ጻፉ። ብሩን ከፍያለሁ ብሎ እያመመው የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። እኔ በበኩሌ ይሄን ለማይጽፍ ግሩፕ አልከፍልም።