ዋሱ ማነው?

የባሕር ዳር ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብያለሁ። የወንድም ቁጣ ነውና ስሙኝ።

እኔ ያለሁበት ዕቁብ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። ሃያ አራት ነን። ማን ባጃጁን በብድር እንደገዛ፣ የማን ልጅ ዘንድሮ ማትሪክ እንደሚፈተን ሁሉን እናውቃለን። ይህም ሆኖ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩ ከዳኛው እጅ አይወጣም። ባለፈው ዓመት ሃያ ዓመት የምናውቀው አናጢ ዋሱ ቢቀርበት ሳምንት ሙሉ ጠበቀ። አልተቀየመም። እኛም አላፈርንም። ወጉ ነው።

ታዲያ ያው እኛ፣ ማታ አልጋችን ላይ ጋደም ብለን፣ ፊቱን አይተነው ለማናውቅ ሰው አሥር ሺህ ብር በስልክ እንልካለን። "ዋስህ ማነው?" የሚል ቃል ከአፋችን አይወጣም። ምን ነካን?

አንዲት ጎረቤቴ የደረሰባትን ልንገራችሁ። ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። የምታውቃት ልጅ "ብር እናራባለን" የሚል አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባቻት። መጀመሪያ በ2 ሺህ ብር ሞከረች። በሳምንቱ 2 ሺህ 600 ሆኖ ተመለሰላት። እውነተኛ ብር ነው፤ ዘይት ገዝታበታለች። ወጥመዱም ይኸው ነው። ከዚያ የአንገት ሐብሏን ሸጠች። እህቷንና ሁለት ጓደኞቿን አስገባች። ብሯን የሚያሳየው አፕ ላይ ያለው ቁጥር በየቀኑ ያድጋል። ላውጣ ስትል "መጀመሪያ ግብር ክፈይ" አሏት። ከፈለች። በማግሥቱ ግሩፑ የለም።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በሳምንት 30 በመቶ እየወለደ የሚሄድ ብር በ12 ሳምንት 23 እጥፍ ይሆናል። 10 ሺህ ብር ወደ 233 ሺህ ማለት ነው። በሦስት ወር 23 እጥፍ የሚያተርፍ የዘጌ ቡና ነጋዴ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። "ከሥርሽ አምስት ሰው አስገቢ" የሚሉትንም ቁጠሩት። አምስቱ አምስት አምስት ካመጡ 25፣ 125፣ 625 እያለ ይሄዳል። 12ኛው ዙር ላይ 244 ሚሊዮን ሰው ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያን ያህል ሰው የለም። ኋላ የሚገባው ሰው ብሩ እንደሚበላበት ገና ከመጀመሪያው ቀን የታወቀ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በ1920 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። የፊተኞቹን በኋለኞቹ ብር ይከፍላቸው ነበር። ዕቁብ ላይ ግን ማንም ካዋጣው በላይ አይወስድም። ቀድሞ የወሰደ ተበድሯል፤ መጨረሻ የወሰደ ቆጥቧል። ዋስ የሚጠራውም ተበዳሪው እንዳይጠፋ ነው።

ጭንቀታችሁን አጥቼው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ለልጁ ትምህርት ብሎ ያስቀመጠው ብር ባለበት ሲቀልጥ ያየ ሰው መጠጊያ ቢፈልግ አልፈርድበትም። የምቆጣው መጠጊያው ምን ላይ እንደቆመ ሳይጠይቅ ሲገባ ነው።

ወጣ ያለ ሐሳብ አታንብቡ አልልም። እኔ ራሴ ጣና ዳር ቡና ይዤ እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ አመሻለሁ። "ገንዘብ ማለት እምነት እንጂ ሌላ አይደለም" የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ ገረመኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን አያቶቻችን ያውቁት የነበረ ነገር ነው። በአሞሌ ጨው ተገበያይተዋል። የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን ምስል የያዘውን የብር ገንዘብ፣ ማርትሬዛን ተቀብለዋል። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም በምስሏ ብር መመታቱ አልቆመም። አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስመቱ በኋላም ገበያተኛው ማርትሬዛን አልለቅም ብሎ ነበር። ያን ያህል ሲያምነው ግን ዝም ብሎ አልተቀበለም። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቆጥር ነበር ይባላል። እምነቱ ዓይን ነበረው።

ቢትኮይን የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብም በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ፣ ደንቡንም የፈለገ ሁሉ እንዲያየው ሆኖ ነው የተሠራው። ይጠቅማል አይጠቅምም ብሎ መከራከር ይቻላል። "ቢትኮይን ነው" ብሎ ብራችሁን የሚቀበላችሁ ሰው ግን ምን አሳያችሁ? ብሔራዊ ባንክ በ2014 የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን አሳስቧል። ብትዘረፉ ማን ዘንድ አቤት እንደምትሉ አስቡት።

ፖለቲካውም ከዚህ አይለይም። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ወሬውም አብሮ ይቆማል ብዬ ነበር። አልቆመም፤ በአፍ ዞረ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደግሞ ብሶ መጣ። "ከነገ ጀምሮ መንገድ ይዘጋል" የምትል አንዲት መስመር ከሰዓት በኋላ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስታስወድድ በዓይኔ አይቻለሁ። የጻፈው ማነው? የት ሆኖ ነው? ውሸት ቢሆን ምን ይከፍላል? ምንም። የምትከፍለው በዕለት ገቢ የምታድር እናት ናት። ልጆቻችንን "እሳት ውስጥ ግቡ" የሚል ሰው ሲመጣም፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ የራሱ ልጅ የት እንደሚማር ጠይቁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሼር ስታደርጉ እየፈረማችሁ ነው። መልእክቱ የአክስታችሁ ስልክ ላይ ሲደርስ፣ እሷ የምታምነው የጻፈውን ሰው አይደለም። የላክኸውን አንተን ነው፤ የላክሽውን አንቺን ነው። ጎረቤቴም ያመነችው አፑን አልነበረም፤ ያቺን የምታውቃትን ልጅ ነው። ልጅቷም ሳታውቀው ዋስ ሆናለች፤ የራሷም ብር ተበልቷል። ዕቁብ ላይ ለማታውቁት ሰው አትፈርሙም። ስልክ ላይ በቀን ስንት ጊዜ ትፈርማላችሁ?

ይህን እንድጽፍ የፈቀደችው ጎረቤቴ ራሷ ናት። ለባለቤቷ የነገረችው ከአምስት ወር በኋላ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ከእህቷ ጋር እየተኮራረፈች፣ እንቅልፍ አጥታ ብቻዋን ይዛዋለች። ይህን ከምታነቡት መካከልም እንደ እሷ የያዛችሁ ትኖራላችሁ። ለአንድ የምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ። ብር የላካችሁበትን ደረሰኝ፣ የሂሳብ ቁጥሩን፣ የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ። ባንክም ሆነ ፖሊስ ዘንድ ስትቀርቡ የምትይዙት እሱን ነው። እሷ ከሐፍረት የተነሣ ሁሉንም ከስልኳ አጥፍታ ነው እኔ ዘንድ የመጣችው።