ከመምሬ ጋር እስከ የት?

ጥር ሲመጣ ጎንደር ውስጥ ሁለት ነገር ይበዛል፤ እንግዳና ሰርግ። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ሳምንታት የዳስ ወቅት ናቸው። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማስቀረት የምንሯሯጥ ሰዎችም እግራችን የሚቀጥነው ያኔ ነው። የምንሄደው ግን ፖሊስ ጣቢያ አይደለም። መጀመሪያ መምሬ ዘንድ ነው።

ገጠሩ ላይ ማን ልጁን ሊድር እንዳሰበ ቀድሞ የሚሰማው የነፍስ አባቱ ነው። ሕጉ ከጠበቀ ወዲህ ደጋሹም ብልህ ሆኗል። ዳሱን ይጥልና "ዝክር ነው" ይላል። "ተዝካር ነው" ይላል። የቀበሌ ሊቀመንበር እንዲህ ሊታለል ይችላል። ድግሱን የሚባርኩት መምሬ ግን አይታለሉም።

ችግሩም ከቤተ ክህነት ደጅ ብዙ አይርቅም። ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቅስና ለመቀበል ድንግል ማግባት አለበት። በዚህ ሰበብ ገና በልጅነቷ የምትታጭ ብዙ ነበረች። መምሬ ራሳቸው "ሕፃን አላጋባም" ሲሉ ከዳኛ በላይ የሚደመጡት ለዚህ ነው። ሕጉማ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይበቃታል ይል ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። እንዲያም ሆኖ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው የአገሪቱ ሴቶች ከመቶ 40 ያህሉ 18 ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ።

ስለዚህ "ከቄስ ጋር ምን አሠራችሁ?" የሚሉኝን የአዲስ አበባ ጓደኞቼን ብዙም አልሰማቸውም። እነሱ ጥርን እዚህ አላሳለፉትም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው።

አንድ እሁድ ከከተማው ወጣ ያለ ደብር ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ስለ ልጅ ጋብቻ ግሩም አድርገው አስተማሩ። ፊስቱላን ሳይቀር አነሱ። ሲጨርሱ አንዲት እናት መስቀል ልትሳለም ቀረበች። አጠገባቸው ስለቆምኩ ሰማኋት። "አባቴ፣ ሰውዬው ይደበድበኛል።" "ታገሺ ልጄ፣ ጸልዪለት" አሏት። ቦርሳዬ ውስጥ በትዳር ውስጥ ድብደባ ወንጀል መሆኑን የሚናገረው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ነበር። በራሪ ወረቀት ላይ ታትሞ። አላወጣሁትም። ብናገር ጥር ላይ ማን ደጁን ይከፍትልኛል ብዬ ነው።

ያ ወረቀት መጀመሪያ አራት ገጽ ነበር። ፅንስ ማቋረጥ መቼ እንደሚፈቀድ የሚያብራራውን አንቀጽ 551 መምሬ "ይቺን እንኳ ብትተዉአት" አሉን፣ በትሕትና። ተውናት። ከዚያ የፍቺና የንብረት ክፍፍሉ ሄደ፤ በቁርባን የተጋባ አይፋታምና። በመጨረሻ የልጅ ጋብቻና ድብደባው ብቻ ቀሩ። ድብደባውም እንዳያችሁት ከቦርሳ አልወጣም። ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍር ሕጉ አስገድዶ መድፈር አይለውም፤ አንቀጽ 620 የሚያወራው ከጋብቻ ውጪ ስላለው ነው። ይህ ይለወጥ የሚል ወረቀትማ ጭራሽ አልጻፍንም። ማንም ሳይከለክለን ራሳችን ተውነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሴቶች መብት ተሟጋቾቹ ካትሪን ማኪነንና አንድሪያ ድዎርኪን የወሲብ ፊልምና ሥዕል የሴቶችን መብት ይነካል ብለው ተነሱ። በ1984 እ.ኤ.አ. የኢንዲያናፖሊስ ከተማ ደንብ አወጣላቸው። ከንቲባው ዊሊያም ሃድነት የቀድሞ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። ደንቡን ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ሴት ደግሞ የሴቶች እኩልነት በሕገ መንግሥት ይስፈር የሚለውን ሐሳብ የተቃወሙ ነበሩ። ደንቡን ፍርድ ቤት ሻረው። የኔ ነጥብ ግን መሻሩ አይደለም። አንዱ ወገን የሴቷን መዋረድ ነበር የጠላው፤ ሌላው ብልግናውን። ድምፅ ሲሰጡ ልዩነቱ አይታይም። እኔና መምሬም ስለ አሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ እንስማማለን። ሠላሳ ሲሆናትና ልፋታ ስትል ነው የምንለያየው።

በነገራችን ላይ "ታገሺ" ሲባል ሁሌ ወለተ ጴጥሮስ ትታወሰኛለች። የዐፄ ሱስንዮስ ሹም የነበረውን ባሏን ጥላ ወጥታ መነኮሰች፤ ንጉሡ ያመጣውን የካቶሊክ እምነት ተቃወመች። ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ገድሏን ታነባለች። ይህን ለአንድ መሪጌታ ባነሳባቸው "እሷ ለሃይማኖት እንጂ ለዱላ አልወጣችም" አሉኝ። መልሱ አፌን ያዘው። ቢሆንም ከባል ቤት መውጣት የሚያጸድቅበት ጊዜ እንዳለ ራሳቸው አመኑልኝ።

መምሬን እንተዋቸው አልልም። እሳቸው የሌሉበት ቦታ ግን ያስፈልገናል። ቡና ተፈልቶ ሴቶች ብቻቸውን የሚቀመጡበት፣ የሕግ ባለሙያ የሚመጣበት፣ የወረቀቱን ማሳተሚያም ከራሳችን ኪስ የምናዋጣበት።

በቅርቡ አራቱን ገጽ እንዳለ አሳተምነው። ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ወስጄ ለመምሬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"ይህን እኔ ደብር እንዳታድዪ" አሉኝ።

"እሺ አባቴ። ቅዳሜ ገበያ ነው የማድለው።"