ለከተማዬ ሰዎች፦ የጥዱን ሥር አትድፈኑ

ወገኖቼ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የምትመላለሱ፣ በፒያሳና በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የምትኖሩና የምትነግዱ ሁሉ፣ ስለ ሽማግሌ ዛፎቻችን፣ ይልቁንም ስለ ሀበሻ ጥድና ስለ ወይራ ልናገራችሁ እወዳለሁ። ችግኝ በመትከል ማንም አይወቅሰንም፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስም በየክረምቱ አካፋ ይዘን ወጥተናል። ነገር ግን አዲስ ችግኝ ተከልን ብለን ስንደሰት፣ አያቶቻችን አድጎ ያገኙትን ዛፍ በገዛ ግቢያችን ውስጥ ቀስ በቀስ እየገደልነው ነው።

አብዛኞቻችን ዛፍ የሚሞተው በመጥረቢያ ብቻ ይመስለናል። እኛ ግን በሲሚንቶ ነው የምንገድለው። ግቢ ስናነጥፍና የመኪና ማቆሚያ ስናበጅ ንጣፉን እስከ ግንዱ ድረስ አስጠግተን እንደፍነዋለን፤ ውሃና አየር የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ግን አብዛኞቹ የሚገኙት በላይኛው አፈር ውስጥ፣ ያውም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፈው ተዘርግተው በመሆኑ፣ ዝናቡ በንጣፉ ላይ ተንሸራቶ ወደ ቦይ ሲወርድ ዛፉ በክረምት መካከል ይጠማል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ መጀመሪያ ጫፉ ይደርቃል፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ይወድቃል፣ ያን ጊዜ «ለሰው ያሰጋል» ተብሎ ይቆረጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ወይራ እንዲሁ ሲደርቅ አይቻለሁ፤ ከሥሩ ቆሻሻ ሲቃጠልበት፣ ግንዱ ላይ የማስታወቂያ ምስማር ሲመታበት ከተመለከቱት አንዱ ነበርሁና ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ከተማችን በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከጭንቁ ያዳነን ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፤ ውለታውን አልክድም። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ የጥድን ቦታ አልተካም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ በቀቀን የጥድ ፍሬ ትለቅማለች፣ እንቁላሏንም በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ትጥላለች፤ እንዲህ ያለው ሽንቁር ደግሞ ባረጀ ግንድ ላይ እንጂ በትናንት ችግኝ ላይ አይገኝም። ከከተማችን በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር እንደ ለማ ይነገራል፤ ያ ዘመን አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። የቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ያለውን ጥድ ለመቁረጥ የምንፈራ ሰዎች፣ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ወንድሙን ለምን እንደምንደፍረው አይገባኝም።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ በተለይም የግቢ ባለቤቶችና የግንባታ ተቆጣጣሪዎች፣ ሰኔ ሳይገባ ከግንዱ ዙሪያ ያለውን ንጣፍ፣ ሥሩን ሳትጎዱ፣ ቅርንጫፉ እስከሚያጠላበት ድረስ አንሡለት፤ ይህ ባይቻል እንኳ ቢያንስ ጥቂት ክንድ ያህል አፈሩን ክፍት ተዉለት። የቁፋሮ አፈር አትከምሩበት፤ የኮንክሪት ማቡኪያ እጣቢ አታፍስሱበት። ከወይራው ሥር በራሱ የበቀለ ቡቃያ ካያችሁም ከሣር ጋር አብራችሁ አትንቀሉት፤ ወፍ የዘራው ሊሆን ይችላልና በእሾህ እጠሩለት።