ይድረስ ለሙሽሪት አጎት፦ ትልቁ ካሜራ መኪና ውስጥ የለም

ክቡር ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ባለፈው እሁድ ከሶፋው እስከ በሩ ሲመላለሱ ስለዋሉ ነው የምጠይቀው። እኔ ደህና ነኝ። ክንዴን ትንሽ ያመኛል፣ መብራት ይዤ ስለቆየሁ።

ካላስታወሱኝ ፎቶ አንሺው ነኝ። ወንድምዎ ቀብድ የከፈሉኝ።

ሰርገኛው በር ላይ እየጨፈረ፣ ሳሎኑ ውስጥ አርባ ሰው ታጭቆ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ብርሃን ሳስተካክል መጡና ካሜራዬን ያዙ። ማንገቻው አንገቴ ላይ ስለነበር እኔም አብሬ ጎንበስ አልኩ። እንደ ቅቤ ገዢ በመዳፍዎ ከፍ ዝቅ አደረጓት። «ይቺ ናት? ትልቁን መቼ ነው የምታወጣው? መኪና ውስጥ ነው?» ሰው ሳቀ። ሴት ሚዜዎቹ ሳቁ። ሙሽሪት ራሷ በቬሏ ስር ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ አላነሳኋትም፣ ካሜራዬ እርስዎ እጅ ነበረች።

ለጠቅላላ እውቀት ያህል፣ «ይቺ» ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ትባላለች። ከነባትሪዋ 650 ግራም ናት፤ መዳፍዎ አልተሳሳተም። የቀለለችው ውስጧ የነበረው መስታወት ስለቀረ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሯ ግን ወደ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፣ እርስዎ ሲያገቡ የተነሱበት ፊልም ልክ። ካኖንና ኒኮንም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን የሚያህል ሴንሰር ባላቸው መስታወት አልባ ካሜራዎች ወደዚሁ መስመር ገብተዋል። ሳያማክሩዎት ስለገቡ በእነሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ የቪዲዮውን ረዳት ጠሩ። ልጁ አንገቱ ላይ ግሪፕ (ከስር የሚጨመር የባትሪ መያዣ) የተገጠመለት፣ ፍላሽ የተሸከመ፣ ብሎኬት የሚያክል አሮጌ ካሜራ ነበረው። «አንተ ባለ ትልቁ፣ ና! የቤተሰቡን አንተ አንሳ!» ልጁ አየኝ። አየሁት። ሁለታችንም የምናውቀውን አርባ ሰው አያውቅም። የእሱ ሌንስ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ነው፤ ሲያቀርብበት ከ5.6 በላይ አይከፍትም። የእኔ 35 የሚባለው ሌንስ እስከ 1.8 ይከፈታል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፉ ይሰፋል። ይሄ ማለት ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው፣ መጋረጃው በተዘጋ ሳሎን ውስጥ። እርስዎ ግን ማንገቻውን ከአንገቴ አውልቀው ካሜራዬን ቡፌው ላይ፣ ከለስላሳው ጎን አስቀመጧትና «አንተ ዝም ብለህ አትቁም፣ መብራቱን ያዝለት» አሉኝ።

ያዝኩ።

የልጁ ፍላሽ ሁለቴ በራና ባትሪው አለቀ። ሙሽሪት ተንበርክካ የአያቷን ጉልበት ስትስም «መብራቱን አጥፋው፣ የአባባን ዓይን ወጋው» አሉ። አጠፋሁ። አባባ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምርቃቱ መሃል ላይ ድምፃቸው ተቆረጠና አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች። እኔ ከቡፌው ማዶ፣ አርባ ሰው መሃላችን ቆሞ፣ የጠፋ መብራት ታቅፌ አየሁ።

ያ ፎቶ የለም። ልጁ ያነሳው አለ፤ የማን እጅ የማን ራስ ላይ እንዳለ አይለይም። አባባ ደግመው አይመርቁም። ያቺን ካሜራ የመረጥኳት እኮ ለዚያች ደቂቃ ነው! ሁለት ዓመት እቁብ ጥዬ የገዛኋት፣ ሁለት ሚሞሪ የምትወስደዋን የፈለግኩት፣ አንዱ ቢበላሽ በሌላው እንዲተርፍ ብዬ ነው። 35ቱን የመረጥኩት ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ፣ የሰው ሳሎን ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ነው። ፊት የማሳምርበት 85 የሚባል ሌንስ አለኝ፣ ግን እሱ አቅርቦ ስለሚያይ የፊልድ፣ የውጭ ነው፤ እናንተ ቤት ልጠቀምበት ብል ግድግዳ አፍርሼ ጎረቤት ግቢ መቆም ነበረብኝ። ይሄን ሁሉ አስቤ ነው የመጣሁት። እርስዎ በመዳፍ መዘኑት።

ማክሰኞ ደወሉ። «የምርቃቱ ፎቶ የታለ?» እኔን ነው የጠየቁት! ቀጥለውም በትንሽ ካሜራ ስለተነሳ ከቀሪው ሂሳብ ቀነስ እንዳደርግ ጠየቁኝ።

የቆየ ቂም አላነሳም። እርስዎ በየሠርጉ አሉ፣ ከረባትዎ ብቻ ነው የሚለያየው። አንዴ «ስንት ሜጋ ናት?» ብለው 24 ስልዎ፣ «የእኔ ስልክ 108 ነው» ብለው በእኔ ፈንታ ያፈሩት እርስዎ ነበሩ። በ24 ሜጋ 50 በ34 ሴንቲ ጥርት ብሎ ይታተማል ጋሼ፤ የእርስዎ 108 ደግሞ ከጥፍር ባነሰ ሴንሰር ላይ ተጨናንቆ የተቀመጠ ነው፣ ልክ እንደ እሁዱ ሳሎን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም «ቀጭ አላለችም፣ አላነሳኸንም» ብለው ሙሽሮቹን እንደገና አስቁመውብኛል። ድምፅዋን ያጠፋሁት ቄሶቹን እንዳትረብሽ ነበር። ነጭ ሌንስ የለህም ወይ ያሉኝንም ረስቼዋለሁ። የመናፈሻው ጥበቃ «ካሜራህ ትልቅ ነው፣ የፈቃድ ደብዳቤ አምጣ» ሲለኝ ግን የት ነበሩ?

ለማንኛውም ተምሬያለሁ። ትናንት አንድ የሞተ ካሜራ ገዛሁ። ከነግሪፑ፣ ከነፍላሹ፣ ሲይዙት አንገት የሚያጎብጥ። አያነሳም፣ አይበራም። ጥር ላይ በሚቀጥለው ሠርግዎ አንገቴ ላይ ያገኙታል። ከፈለጉ ይመዝኑት፣ ከፈለጉ ቡፌው ላይ ያስቀምጡት።

አክባሪዎ፣
መብራት ያዡ